የአቶ ፀሐዩ ጆሮና የቮልሷ ትንፋሽ

ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢ ልቡን ያሳርፍ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው አይሞትም። ለመሞት ትንሽ ቀርቷቸው የነበሩ ሴት አሉ፤ እሳቸውም ይኸው አቃቂ በሰቃ ቤታቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው በርበሬ እየቀነጠሱ ባላቸውን ይቆጣሉ። ባላቸውም ቁጣውን ይሰማሉ፤ ቢያንስ አሁን አሁን ለመስማት ይሞክራሉ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ከመስማት ነው።

ባልየው አቶ ፀሐዩ ይባላሉ። አቃቂ ተወልደው፣ አቃቂ አድገው፣ አቃቂ ጡረታ የወጡ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ ሥራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ የሚተነፍስ ቧንቧ ፈልጎ መድፈን። የፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል በእንፋሎት ነው የሚሠራው። እንፋሎቱ ከቦይለሩ ተነስቶ ጣሪያ ጣሪያውን በተዘረጉ ወፋፍራም ቧንቧዎች ይመጣል፤ ቧንቧዎቹ ደግሞ በየመጋጠሚያቸው መተንፈስ ይወዳሉ። የሚያመልጥ እንፋሎት ሁልጊዜ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ አቶ ፀሐዩ አንድ ክንድ የሚሆን ካቻቪቴ ይዘው መሰላል ይወጣሉ፤ የካቻቪቴውን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «እዚህ ጋ ነው» ካሉ እዚያው ጋ ነው። መሐንዲሶቹ እንኳ የሳቸውን ጆሮ ሳይጠይቁ ቧንቧ አያስፈቱም ነበር። አቶ ፀሐዩም ይህን ያውቁታል፤ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ይነግራሉ።

ከማቅለሚያው ቀጥሎ ያለው የሽመና ክፍል ግን ሌላ ዓለም ነበር። ማሽኖቹ በአንድ ላይ ሲንኳኩ አጠገብህ የቆመ ሰው ቢጮህም አይሰማህም። የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ እዚያ ሲገባ አፉን ከፍቶ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ አድማጩም በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ከንፈር ያነባል። አቶ ፀሐዩና የዛሬዋ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር የተጫጩት በዚህ ዓይነት ነው። እሳቸው በሽመናው መካከል መሰላል ተሸክመው ሲያልፉ እሷ ያለ ድምፅ ሰላም ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ያለ ድምፅ ይመልሳሉ። ይህ ከንፈር የማንበብ ልማድ ከጡረታም በኋላ አልለቀቃቸውም። ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ካናገራቸው አንድም ቃል አያመልጣቸውም። እና ጆሯቸው ቀስ በቀስ ሲሄድ፣ መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ፣ ከዚያ ወፍራሙ፣ ከሁሉ መጨረሻ ያወቁት ራሳቸው አቶ ፀሐዩ ሆኑ።

አሁን ወደ መኪናዋ እንምጣ። በ1959 ዓ.ም. የተሠራች፣ የእንቁላል ልጣጭ የመሰለች ቮልስዋገን ናት። ከፋብሪካው የፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ከገዟት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። አንድያ ልጃቸው እድላዊት ትምህርት ቤት የተመላለሰችባት፣ ሙሽራ ሆና የወጣችባት፣ የሰፈር ምጥ ያጣደፋት ሴት ሁሉ ሆስፒታል የደረሰችባት መኪና ናት። ፍሬቻዋ ከሞተ ቆይቷል፤ አቶ ፀሐዩ ሲታጠፉ እጃቸውን አውጥተው ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ የሳቸው መስኮት ክረምት ከበጋ ክፍት ነው። ይህን መስኮት ልብ ይሏል።

በቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው። ውኃም የለው፤ በንፋስ ነው የሚበርደው። ፈረንጁ ብልህ ስለሆነ ሞተሩ ያሞቀውን ጭስ በከንቱ አላባከነውም፤ ጭሱ በሚያልፍበት የጋለ ቱቦ ዙሪያ ሌላ ንጹህ አየር እንዲያልፍ አድርጎ፣ የሞቀውን አየር በመኪናው ወለል ስር ወደ ተሳፋሪው እግር ይልከዋል። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ያለችውን ትንሽ ዘንግ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ነው፤ እግር ስር ያለው ቀዳዳ ሙቀት መትፋት ይጀምራል። ጭሱና አየሩ አንድ ቤት ውስጥ በአንድ ግድግዳ የተለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። ግድግዳው እስካለ ድረስ ሰላም ነው።

ያለፈው መስከረም፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አቶ ፀሐዩ ማርሚታዋን ሊያድሱ ቮልሷን ግቢ ውስጥ በድንጋይ አንስተው ከስሯ ገቡ። ጭስ እንዳያመልጥ በጭሱ መጋጠሚያ መካከል የሚገቡት ጉዋርኒሲዮኖች ተቃጥለው አመድ ሆነዋል። እሳቸው ደግሞ ከፋብሪካው የተረፈ፣ ለእንፋሎት ቧንቧ መድፈኛ የሚሆን፣ እሳት የማይበላው የአሚያንቶ ገመድ በቆርቆሮ ሳጥን አላቸው። ገመዱን ጎንጉነው በመጋጠሚያው ዙሪያ ጠቅልለው ቡሎኑን አጠበቁ። በዚህ መሀል ማርሚታ ሠሪው ታጁ በአጥር በኩል ሲያልፍ አያቸው። ታጁ የስልጤ ልጅ ነው፤ ከዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤቱ ጎን የጭስ ማውጫ ይበይዳል።

«ጋሼ ፀሐዩ፣ እሷ እኮ የራሷ ጉዋርኒሲዮን አላት። መርካቶ ዘመድ ልላክልዎትና ላስመጣ?»

«ታጁ፣ አንተ ሳትወለድ ነው እኔ ትንፋሽ የደፈንኩት። ለቦይለር ያልተበገረ ገመድ ለዚች ጭስ ያንሳል?»

«አያንስም አላልኩም። ግን የጭስ ቧንቧዋ ስትሞቅ ትሰፋለች፣ ስትበርድ ትሰበሰባለች። ገመድ ደግሞ...»

«ሂድ ሥራህን ሥራ!» አሉት እየሳቁ። ታጁም ስቆ ሄደ። አቶ ፀሐዩ ሞተሩን አስነሡ፣ ካቻቪቴያቸውን መጋጠሚያው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸጥ። አንዲት ፉጨት የለም። እጃቸውን ታጥበው ምሳ በሉ።

ጥቅምት ገባ። አቃቂ በጥቅምት ማለዳ እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወይዘሮ አስቴር ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ ብርድ ከነካቸው ሁለት ቀን አይነሡም። ቢሆንም እሁድ እሁድ የተጋቡበትን ሳሪስ አቦን ሳይሳለሙ አይቀሩም። ባልየው ታዲያ ለዚህ መላ ነበራቸው። ሚስታቸውን ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ከሁሉ የሞቀው ቦታ ላይ ያስቀምጣሉ። ጫማቸውን አስወልቀው እግራቸውን ከቀዳዳው ፊት ያስደርጋሉ። ዘንጓን ሳብ ያደርጓታል። «ሞቀሽ?» ይላሉ ዞር ብለው። ወይዘሮ አስቴርም ልክ እንደ ማንኛውም የአገራችን ተሳፋሪ ንፋስን ከጅብ በላይ ስለሚፈሩ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው «ያንተንም መስኮት ትንሽ መለስ አድርገው፣ ማጅራቴን መታኝ» ይላሉ። የፊተኛው ተሳፋሪ መስኮት እስከ አፉ ተዘግቷል፤ የኋላው ሲሠራም ጀምሮ መክፈቻ የለው። አቶ ፀሐዩ እጃቸውን ለማውጣት ያህል ብቻ ክፍተት ይተዋሉ። ያቺ ክፍተት ለሳቸው ንጹህ አየር ሰጠች፤ ለሚስታቸው አልደረሰችም።

ወይዘሮ አስቴር ራሳቸውን መታመም ጀመሩ። መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግንባራቸውን ያዝ ያዝ ያደርጋቸው ነበር። ከዚያ ማቅለሽለሽ መጣ። ከዚያ ከመኪና ሲወርዱ ጉልበታቸው እየከዳቸው በሩን ተደግፈው መቆም ጀመሩ። ክሊኒክ ሄዱ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ተብሎ የአሥር ቀን መድኃኒት ዋጡ። ሌላ ክሊኒክ ሄዱ፤ ደም ግፊት ሊሆን ይችላል ተባለ፣ ሲለካ ግን ልክ ነው። መነጽር ታዘዘላቸው። በአዲሱ መነጽር ሕመሙን ቁልጭ አድርገው አዩት እንጂ አልቀነሰም። ወደ እያንዳንዱ ክሊኒክ የሚወስዷቸው ማን ናቸው? አቶ ፀሐዩ። በምን? በቮልሷ። እግራቸው እንዳይበርድ ዘንጓን ስበው።

ኋላ ጸበል ይሻላል ተባለ። ከአቃቂ ወጣ ብሎ በደብረ ዘይት መንገድ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ጸበል አለ። ሰባት ቀን ተመላለሱ። ወይዘሮ አስቴር እዚያ ሲደርሱ ራሳቸው ሊፈነዳ ደርሶ፣ እየተንገዳገዱ፣ እያስመለሳቸው ነው የሚገቡት። አብረዋቸው የሚጠመቁት ሴቶች ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው። «ገና ከበሩ ያዛት! ደህና ምልክት ነው፤ የያዘሽ ነገር ጸበሉን ፈርቶ ነው» አሏቸው። ወይዘሮ አስቴርም አመኑ። በቀዝቃዛው ውኃ ተጠምቀው፣ ዛፍ ስር ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለው ያንን የገጠር አየር ሲስቡ በእርግጥም ይሻላቸዋል። አቶ ፀሐዩ እያለቀሱ ያመሰግናሉ። ከዚያ ሚስታቸውን ደግፈው፣ ከኋላ አስቀምጠው፣ ዘንጓን ስበው ወደ ቤት።

ኅዳር ላይ ቤንዚን ጠፋ። ቮልሷ ሁለት ሳምንት ከግቢ አልወጣችም። ወይዘሮ አስቴር በነዚያ ሁለት ሳምንታት እንደ ወጣት ሆኑ፤ ልብስ አጠቡ፣ ከጎረቤታቸው ከጠጄ ጋር ገበያ ወረዱ፣ ዘፈንም አንጎራጎሩ። «ጸበሉ ሠራ» አሉ ባልና ሚስት። ቤንዚን ሲመጣ አቶ ፀሐዩ ግማሽ ቀን ተሰልፈው ሞሉና፣ ለምስጋና ብለው ሚስታቸውን ወደ ጸበሉ ወሰዱ። በመንገድ ላይ ሴትየዋ ራሳቸውን ሳቱ።

ይህን ጊዜ ነው ሆስፒታል ያያቸው ሐኪም ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ጭንቅላታቸው በሲቲ ስካን ይታይ» ያለው። ምን እንደሚፈልግ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። የአቶ ፀሐዩ እህት በጭንቅላት እጢ ነው የሞቱት። በዚያው ዓይነት፣ በራስ ምታትና በማስመለስ ነበር የጀመራቸው። አቶ ፀሐዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላቸው። ሚስታቸው ሲተኙ ፊታቸውን እያዩ ይቀመጣሉ። «እኔን አስቀድመኝ» ብለው ለአቦ ተሳሉ።

የቀጠሮው ማክሰኞ ደረሰ። ልጃቸው እድላዊት ከቃሊቲ ቤቷ ማልዳ መጥታ እናቷን ደግፋ ከኋላ ገባች። እድላዊት ካገባች ወዲህ በዚያች መኪና ተሳፍራ አታውቅም። አቶ ፀሐዩ ዘንጓን ሳቡ፤ ጉዞ ተጀመረ። ቃሊቲ ሲደርሱ የጭነት መኪናው መንገዱን ዘግቶታል፤ አንድ እርምጃ ሄዶ አሥር ደቂቃ መቆም ሆነ። ከኋላ እድላዊት አንድ ነገር ተናገረች። መልስ የለም። ደገመች። አሁንም የለም። የአባቷን ትከሻ መታ ስታደርግ ዞር አሉ።

«አባዬ፣ ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?»

«የቱ ድምፅ?»

«ይሄ ነዋ! ጥፍ፣ ጥፍ፣ ጥፍ የሚለው። ከስራችን እኮ ነው።»

አቶ ፀሐዩ አዳመጡ። «ምንም ድምፅ የለም» አሉ።

«እንዴት የለም? እማዬ፣ አንቺ አይሰማሽም?»

ወይዘሮ አስቴር ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ይሰማኛል እንጂ። ከመስከረም ጀምሮ አለ» አሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ትንፋሽ ሲያዳምጥ ለኖረ ሰው እሳቸው ስለ ትንፋሽ ሊነግሩት ነው? ጆሮው ቢደክምም በካቻቪቴው ሰምቶ የተወው በምክንያት ነው ብለው ትተውት ነበር። እድላዊት የእናቷን መልስ ለአባቷ ጮክ ብላ ደገመችላቸው። ከዚያም «ደግሞ እኔንም ራሴን እያመመኝ ነው» አለች፣ በሁለት ጣቷ ግንባሯን እየጫነች።

አቶ ፀሐዩ እጃቸውን አውጥተው ከመንገድ ወጡና ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ። የኋላውን ኮፈን ከፈቱ። ካቻቪቴያቸውን አወጡ። ጫፉን መስከረም ላይ በገዛ እጃቸው የደፈኑት መጋጠሚያ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸጥ። ያው የመስከረሙ ጸጥታ። ያኔ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ መጋጠሚያው አስጠጉ። ትኩስ ነገር የእጃቸውን አንጓ መታው፤ እንደገና መታው፤ እየደጋገመ መታው። ልጃቸው «ጥፍ፣ ጥፍ፣ ጥፍ» ብላ እንደነገረቻቸው ነው። እጃቸው የሰማውን ጆሯቸው አልሰማም። መስከረም ላይም ጸጥ ያለችው ቮልሷ አልነበረችም።

በየሰፈሩ እየዞሩ «ከሰል ለኩሳችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ፤ ጭሱ ሳይሸት ይገድላል» ብለው የሚመክሩ ሰው ናቸው። ከሚያውቁት ሰው ቤት ሁለት ሬሳ ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል። አሁን የገዛ ሚስታቸውን ሦስት ወር ሙሉ እንዲሞቃት ብለው ምን ሲያደርጓት እንደከረሙ ገባቸው። ሮጠው በሩን በረገዱት።

«ውጡ! ቶሎ ውጡ! ውረጂ አስቱ፣ ውረጂ!»

«ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ? ብርድ እኮ ነው!» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

ተሸክመው ነው ያወረዷቸው። እድላዊት በስልኳ ሌላ መኪና ጠራች። ሲሳፈሩ አቶ ፀሐዩ በመስኮቱ ራሳቸውን አስገብተው «ለሐኪሙ ጭስ ነው በይው። ባሌ ነው ሲያጨሰኝ የከረመው በይው፤ አትደብቂ» አሉ። ወይዘሮ አስቴር ምን እንደሚሉ አልገባቸውም። እሳቸውም ሊያስረዱ አልቻሉም። አብሬ ልሂድ ቢሉ ቮልሷን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ሊሆን ነው፤ ደግሞም ካላረጋገጡ መቆም መቀመጥ የሚችሉ አልሆኑም። መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ወደ በሰቃ፣ ታጁ ዘንድ ተመለሱ።

ታጁ ነገሩን ሰምቶ አልሳቀም፣ «ብዬዎት ነበር»ም አላለም። ለዚህ ብቻ ጀነት ይገባዋል። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀና ሁለቱን የጭስ መውጫዎች በጨርቅ ወተፈ፤ በአንደኛው ጨርቅ መካከል የጎሚስታውን ጎማ መንፊያ ቱቦ አስገብቶ ቀስ ብሎ አየር ለቀቀ። በጣሳ ኦሞ በጥብጦ አረፋውን በቀለም ብሩሽ መጋጠሚያውን ሁሉ ቀባው።

«ይምጡ ጋሼ፣ በዓይንዎ ይዩት። ለዚህ ጆሮ አያስፈልግም።»

አቶ ፀሐዩ ካርቶን ላይ ተንጋለው ከስሯ ገቡ። አረፋው ከገመዱ ዙሪያ እንደሚፈላ ወተት ይነሣል። ታጁ ደግሞ በጣቱ ሌላ ቦታ አሳያቸው። የሞቀው አየር የሚያልፍበትን ሣጥን ሲከፍተው በውስጡ ያለው የጭስ ቱቦ ዝጎ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቷል።

«ገመዱ ብቻ ቢሆን ጭሱ ውጭ ይቀር ነበር። ይሄኛው ነው ወደ ውስጥ የሚልከው» አለ ታጁ።

«ሁለቱንም ብሰማ ኖሮ መስከረም ላይ እፈታው ነበር።»

«ይፈቱት ነበር» አለ ታጁ። አላባበለም፣ አልካደም።

ሥራው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ታጁ ሣጥኑን አውርዶ የዛገውን ቱቦ ቆረጠ፣ በአዲስ ቱቦ ተካና በየደ። አቶ ፀሐዩ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፤ ያረጀው ገመድ እየተፈረፈረ ሲወድቅ በቢላ ልጣጩን ሳይቀር አነሡት። ታጁ የመዳብ ጉዋርኒሲዮኖቹን መስከረም ላይ ለካ አስመጥቶ አስቀምጧቸው ኖሯል። ከመደርደሪያ ላይ አውርዶ አቧራቸውን እፍ ሲል አቶ ፀሐዩ ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም። ቡሎኑን አጠበቁ፣ ሞተሩን አሞቁ፣ አበረዱ፣ እንደገና አጠበቁ። «ትንሽ ነድተዋት ደግሞ ይመለሱ፤ ሦስተኛ እናጠብቃለን» አለ ታጁ። አቶ ፀሐዩ እንደ ተማሪ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስልኩ የጮኸው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያጠብቁ ነው። እድላዊት ናት። አቶ ፀሐዩ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ሃሎ! ሃሎ!» ይላሉ። ስልክ ከንፈር የለውም። ሁልጊዜ «መስመሩ መጥፎ ነው» ብለው የሚዘጉት ለዚህ ነበር። አሁን ግን አልዘጉም። ስልኩን ለታጁ ሰጡት።

«አንተ ስማልኝ፤ እኔ አልሰማም» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡ የመጀመሪያቸው ነው።

ታጁ አዳመጠ። አቶ ፀሐዩ የታጁን ፊት ፊቱን ያያሉ። ታጁ «እሺ፣ እሺ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ፊት ለፊታቸው ቆመና አፉን ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ ሽመና ክፍሉ ሰው ተናገረ።

«ጭንቅላታቸው ንጹህ ነው። ምንም የለም። ሐኪሙ የጭስ መመረዝ ነው አለ። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ተሽሏቸዋል፤ እራብኝ እያሉ ነው።»

አቶ ፀሐዩ አጠገባቸው ያገኙት አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ አሉ። ነፍሳቸው መለስ አለች። ሽማግሌ ነኝ፣ ሰው ያየኛል አላሉም፤ ጥቀርሻ በነካው እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ተንሰቅስቀው አለቀሱ።  ለአንድ ሳምንት ያልቀመሱት እህል ባንዴ አማራቸውና፣ ታጁ ለራሱ ያስቀመጠውን ሁለት ዳቦ ጨርሰው በሉበት።

አመሻሽ ላይ ቤት ሲገቡ ወይዘሮ አስቴር ከሆስፒታል ተመልሰው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ፊታቸው ቀልቷል፣ ዓይናቸው ጠርቷል። አቶ ፀሐዩ ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«አስቱ፣ እኔ ነኝ የጎዳሁሽ። ጆሮዬ አይሰማም።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ዛሬ።»

«እኔ ካወቅሁ አራት ዓመት ሆነኝ» አሉ ወይዘሮ አስቴር። «መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኝህ በኩል የምሄደው ለምን ይመስልሃል? ግራህ ፈጽሞ ሞቷል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ። አልሰማህም።»

ወይዘሮ አስቴር ሳቁ። ሆዳቸውን እስኪይዙ ድረስ ሳቁ አልቆም አላቸው። አቶ ፀሐዩ መጀመሪያ ሊቆጡ አሰቡ፤ ኋላ እሳቸውንም ያዛቸው። ከዚያ ወይዘሮ አስቴር ሳቁን ገታ አድርገው፣ ለጆሮው ነገር ሐኪም ዘንድ እስካልሄዱ ድረስ ቮልሷ ውስጥ እግራቸውን እንደማያስገቡ ነገሯቸው። አቶ ፀሐዩ ይህችን ሳይደገም ሰሙ። ሐሙስ ዕለት ሄደው ተመረመሩ፤ ለቀኝ ጆሯቸው የሚሰካ መሣሪያ ታዘዘላቸው። እስኪመጣ ድረስ ግን ያው በከንፈር ነው።

እሁድ ጠዋት ቮልሷ ሦስተኛ ጊዜ ተጠብቃ፣ አንዴ ደግሞ በኦሞ አረፋ ታይታ በር ላይ ቆመች። አረፋው አንዲት ጊዜ እንኳ አልተነፋም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አቶ ፀሐዩ ሚስታቸው በሚኒባስ እንዲሄዱ ሊለምኑ ተዘጋጅተው ነበር፤ ወይዘሮ አስቴር ግን በሩን ራሳቸው ከፍተው ከኋላ ገቡ። ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸውን ቀዳዳው ፊት አደረጉ።

«ክፈተዋ» አሉ።

«አስቱ፣ ዛሬ ይቅርብን። ጋቢ አምጥቻለሁ።»

«ታጁ ሠርቶታል፣ አንተ አይተኸዋል። ጉልበቴን እየበላኝ ነው፤ ክፈተው።»

እጃቸው ዘንጓ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ሳቧት። ሙቀቱ መጣ። ከዚያ የፊተኛው መስኮት ክርክር ተጀመረ። እሳቸው ይከፈት፣ ወይዘሮ አስቴር ይዘጋ። በመጨረሻ በአንድ ጣት ስፋት ተስማሙ። ወይዘሮ አስቴር ራሳቸውን በነጠላ ጠምጥመው፣ ያችን የአንድ ጣት ክፍተት ሌባ እንደሚጠብቅ ሰው እያዩ ተጓዙ። አቶ ፀሐዩ ደግሞ የኋላ ማሳያ መስታወታቸውን ከመንገዱ ላይ አንሥተው ወደ ሚስታቸው ከንፈር አዞሩት። በዚያ ጠዋት ከኋላቸው ምን መኪና እንደመጣ እግዜር ይወቀው።

አቃቂን አለፉ። ቃሊቲ ላይ ያው መንገዱ ተዘግቷል፤ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። አቶ ፀሐዩ በየደቂቃው መስታወቱን ያያሉ፤ ከንፈሩ አይነቃነቅም።  ሳሪስ አቦ ደረሱ። ሮጠው በሩን ከፈቱ። ወይዘሮ አስቴር ጫማቸውን አጠለቁ፣ ማንንም ሳይደገፉ ወረዱ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው በባላቸው ቀኝ በኩል ዞሩና ተናገሩ።

«ራሴን አላመመኝም።»

አቶ ፀሐዩ ከንፈራቸውን አይተዋል። በቀኝ ጆሯቸውም ትንሽ ደርሷቸዋል። ቃሉ አንድም አላመለጣቸውም።

«ምን አልሽ?» አሉ።

«ራሴን አላመመኝም አልኩህ!» አሉ ወይዘሮ አስቴር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ምን አልሽ?»

ወይዘሮ አስቴር የባላቸውን ዓይን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያያቸው ድረስ፣ ሦስተኛ ጊዜ ጮኸው ነገሯቸው።